ከአጋሰስ እስከ ድሮን፤ የሸክም ልክ በወለጋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ነቀምቴ ለመድረስ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይቈርጣል። ባኮን ካለፈ በኋላ አገሩ እየለመለመ ይሄዳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ሁሉ ግን አንድ ነገር ያሳስበዋል፤ እርሱም ሸክም ነው። በቆሎ የተጫነ አህያ፥ ማገዶ የተሸከመች እናት፥ ቢጫ ጀሪካን ያዘለች ልጃገረድ፥ እስከ አፉ በጆንያ የተሞላ አይሱዙ፥ አንዱ ካንዱ ኋላ ይታያሉ። ወለጋ ምርቱ ብዙ፥ መንገዱ ሩቅ የሆነ አገር ነው። ስለዚህም «ስንት ይጭናል?» የሚለው ጥያቄ በዚያ አገር ሰው አንደበት ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ይኸው ጥያቄ ለአንዲት አዲስ ፍጥረት ይቀርብ ጀመር። እርስዋም ድሮን የምትባለው፥ ነጂ ሳይቀመጥባት በአራት ውልብልቢት የምትበር ባለ ካሜራ መሣሪያ ናት። የከተማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቃት በሠርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ከላይ ሆና እንደ ንብ እያጕረመረመች ፎቶግራፍና ፊልም ታነሣለች። ሚዜው ይህን አይቶ «አበባ ትርጭልን» ይላል፤ ሌላው «ቀለበቱን እርስዋ ታምጣው» ይላል። ተማሪው «ደብተሬን ከመኖሪያው ወደ ክፍል ታደርስልኝ ይሆን?» ብሎ ይቀልዳል። በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠራው ወጣት ደግሞ ሳይቀልድ ከልቡ ይጠይቃል፤ «ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋብናል፤ መድኃኒት ልታመጣልን ትችላለች?»

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ ቅን መልስ መስጠት ነው። መልሱን ለማግኘት በወለጋ ከተሞች እየተዘዋወርን፥ ከቀድሞው አጋሰስ ጀምረን እስከዚህች በራሪ ካሜራ ድረስ የሸክምን ልክ እንመዝናለን።

የቀድሞው ጭነት

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዛሬ የምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፥ በቀድሞ ዘመን የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች መቀመጫ ነበረች። የሞረዳ በከሬ ልጅ ቁምሳ ሞረዳ፥ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት፥ የኖሩበት ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ በከተማዋ ይገኛል። እንጨቱንና አሠራሩን ያየ ሁሉ ያደንቃል፤ ያ ሁሉ አግዳሚና ምሰሶ ሞተር ባልነበረበት ዘመን በሰው ኃይል ተጋዘ ብሎ ሲያስብም አድናቆቱ ይጨምራል።

የዚያን ጊዜ ንግድ በአህያ፥ በበቅሎና በሰው ትከሻ ነበር። ነጋዴው ቡናውን በፈረሱላ ይመዝናል፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ያህል ነው። አንዲት አህያ ሦስት ፈረሱላ ያህል፥ ማለት ግማሽ ኩንታል የሚሆን ጭና ትሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋራ በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ ወዲህ፥ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ከምንላት ከሰዮ አካባቢ ቡናው በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ቆላው ይወርድ ነበር። ከዚያም በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄዳል። ነገር ግን መርከቡ የሚመጣው ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። ወንዙ ሲጐድል ንግዱም ይቆማል። የሸክምን ልክ የሚወስነው ተሸካሚው ብቻ ሳይሆን መንገዱም እንደ ሆነ ወለጋ ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች።

በኋላም አይሮፕላን መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዘመን አይሮፕላኖቹ ሲ-47 የሚባሉ የጦርነት ጊዜ ዕቃ ጫኞች ሲሆኑ፥ መንገደኛው በዳርና ዳር ተቀምጦ ጭነቱ በመካከል ይታሰር ነበር። ደምቢ ዶሎና መንዲን የመሳሰሉ የወለጋ ከተሞችም የአይሮፕላን ማረፊያ ነበራቸው። ሲ-47 ባዶውን ከ8 ቶን በላይ ይመዝናል፤ የሚጭነውም 2,700 ኪሎ ያህል ነው። ይህም ለውጭ ገበያ በሚዘጋጀው በ60 ኪሎው ጆንያ ሲቈጠር 45 ጆንያ ቡና፥ በአህያ ሲቈጠር ደግሞ ከሃምሳ የሚበልጡ አህዮች ጭነት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ሒሳብ ልብ ይበል። ሲ-47 የተሸከመው የራሱን ክብደት ሢሶ ያህል ነው። የወለጋ ንብ ደግሞ ከአበባ ወደ ቀፎዋ ስትመለስ የራሷን ክብደት ግማሽ ያህል የአበባ ወለላ ይዛ ለመብረር ትችላለች። እንግዲህ የማናቸውንም ተሸካሚ አቅም ለመመርመር ቀላሉ መንገድ «ከራሱ ክብደት ስንተኛውን እጅ ይሸከማል?» ብሎ መጠየቅ ነው። በዚህ መለኪያ ድሮንን እንያት።

ሁለት ሎሚ

በገበያ ከሚገኙት ባለ ካሜራ ድሮኖች አብዛኞቹ ዲጄአይ የተባለ የቻይና ኩባንያ ሥራዎች ናቸው። ትንሿ ሚኒ የምትባለው 249 ግራም ትመዝናለች። ቊጥሩ እንዲያው የመጣ አይደለም፤ በአሜሪካም በአውሮፓም ሕጉ ከ250 ግራም በታች ለሆኑት ስለሚላላ፥ ሠሪው ከወሰኑ አንድ ግራም ዝቅ አድርጎ ሠራት። በላይዋ አንዲት ብር እንኳ ቢለጠፍባት ወሰኑን ታልፋለች። ይህ ብቻ ለጭነት እንዳልታሰበች ያሳያል።

ተለቅ ያለችው ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ የምትባለው፥ ለመሐንዲሶችና ለቀያሾች የተሠራችው፥ 915 ግራም ትመዝናለች። ሠሪው ጨምሮ የጻፈው ቊጥር ደግሞ አለ፤ ከነተጨማሪ ዕቃዋ ልትነሣበት የሚገባት ከፍተኛ ክብደት 1,050 ግራም ነው። ይህም ተጨማሪ የድምፅ ማጉያ ወይም መብራት እንዲገጠምላት የተተወ ቦታ ነው። ተማሪ የሆነ ሁሉ ልዩነቱን ወዲያው ያወጣዋል፤ 135 ግራም። ከራስዋ ክብደት ከመቶ 15 እንኳ አይሞላም። ከአይሮፕላኑም ከንቡም በታች ናት ማለት ነው።

ይህ 135 ግራም በነቀምቴ ገበያ ምን ይሆናል? ሁለት መካከለኛ ሎሚ ይሆናል። ወይም ሁለት ሦስት እፍኝ ቡና ይሆናል። በኪስ የምንይዘው ዘመናዊ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ስለሚከብድ፥ ስልክ እንኳ አትሸከምም። በምዕራብ ወለጋ ከዩብዶ የሚወጣው ፕላቲኒየም ቢሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ 135 ግራም ፕላቲኒየም መጠኑ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ነው። ይህን ያነሣነው ማንም ፕላቲኒየም በድሮን ይላክ ብለን አይደለም፤ ክብደት፥ መጠንና ዋጋ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስታወስ ነው። በወለጋ ምድር በክብደት ቀላል፥ በዋጋ ከባድ የሆነ ጭነት ቀድሞም ተጉዟል። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋራ ደክመው ወደ ኦሮምኛ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሞ፥ ኦኔሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ፥ የአንዱ መጽሐፍ ክብደት ጥቂት፥ ያመጣው ፊደልና ንባብ ግን ብዙ ነበር።

«ታዲያ ጓደኛዬ ከዚህ የበለጠ አስነሥቶባት አይቻለሁ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሞተሮቿ ለነፋስና ለመታጠፊያ የሚሆን ትርፍ ኃይል ስላላቸው ከተጻፈው በላይ ለማንሣት ይችሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ማንሣትና መሸከም አንድ አይደሉም። በነቀምቴ ገበያ አንድ ሽማግሌ የቡና ነጋዴን «አባባ፥ ጥሩ አጋሰስ በምን ይታወቃል?» ብለን ጠይቀናቸው ነበር። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ስንት ጭና ተነሣች ብለህ አትጠይቅ፤ ጭና ስንት ቀን ሄደች ብለህ ጠይቅ» አሉን። የመሐንዲሶች መጽሐፍ በብዙ ገጽ የሚያስረዳውን እርሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

ጭና ስንት ደቂቃ ትሄዳለች?

ድሮን በአየር ላይ ቆማ ለመቆየት የሚያስፈልጋት ኃይል ከክብደቷ ፈጥኖ ያድጋል። ክብደቷ ከመቶ 15 ሲጨምር ኃይሉ ከመቶ 23 ያህል ይጨምራል። ያቺ ባለ 915 ግራሟ፥ ነፋስ በሌለበት በአንድ ቦታ ቆማ 38 ደቂቃ ትቆያለች ይላል ሠሪዋ። በ135 ግራም ጭነት ግን ይህ ጊዜ ወደ 31 ደቂቃ ይወርዳል።

ቀጥሎ የነቀምቴ አየር ይመጣል። ውልብልቢት የሚሠራው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቊጥር አየሩ ይሳሳል፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ክብደቱ በባሕር ዳር ካለው ከመቶ 82 ያህል ብቻ ነው። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል። ስለዚህ በነቀምቴ ሰማይ ላይ ያች ድሮን ያንኑ ክብደት ለመያዝ ውልብልቢቷን አብልጣ ማሽከርከር፥ ከባትሪውም ከመቶ 12 ያህል የሚበልጥ ኃይል መጠጣት አለባት። 31ዱ ደቂቃ ወደ 28 ይወርዳል። አስተዋይ ነጂ ደግሞ ለመመለሻና ለድንገተኛ ነፋስ የባትሪውን ሩብ አይነካም። እንግዲህ በእጃችን የቀረው 21 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም ነፋስ ከሌለ፥ ባትሪውም አዲስ ከሆነ ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ። ጭነቱ በገመድ ቢንጠለጠል እንደ ሰዓት ፔንዱለም ይወዛወዛል፤ ድሮኗም ለማረም ስትታገል ኃይሏን ትጨርሳለች። በሆዷ ሥር ቢታሰር፥ ከምድር ያላትን ርቀት የምትለካባቸውን ዓይኖች ይጋርዳል፤ እርስዋም ምድር የደረሰች መስሏት በማይሆን ስፍራ ልታርፍ ትችላለች። በአንድ ጐን ቢያደላ ያ ጐን ያሉት ሞተሮች ከሌሎቹ አብልጠው ይግላሉ። ጨርቅ ወይም ሰንደቅ ዓላማ ቢሆን፥ ክብደቱ ትንሽ ቢሆንም ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል። ከ20 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር ደግሞ ምድር ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሠርግ እድምተኛ በተሰበሰበበት ድንኳን ላይ፥ ከኪሎ የምትበልጥ ዕቃ በዚህ ፍጥነት ብትወርድ ምን እንደምታደርግ አንባቢ ራሱ ይገምተው። ስለዚህ ለሚዜው የምንሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ አበባውን ልጆች ይርጩት፤ ቀለበቱንም ሚዜው ራሱ በኪሱ ይያዘው።

መድኃኒቱ ቀላል፥ በረዶው ከባድ

ወደ ጤና ጣቢያው ወጣት ጥያቄ እንመለስ፤ ይህ ቀልድ አይደለምና። በወለጋ ገጠር ክረምት ሲከብድ ጭቃና የሞላ ወንዝ መንደርን ከከተማ ይለያሉ። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳት እናት ደግሞ ዝናቡ እስኪያባራ አትጠብቅም። በነቀምቴ ሆስፒታልና የደም ባንክ፥ እንደዚሁም ከየወረዳው የሚመጣውን ናሙና የሚመረምር ላቦራቶሪ አለ። ችግሩ በመካከል ያለው መንገድ ነው።

በመጀመሪያ ደምን እንውሰድ። ከአንድ ለጋሽ የሚወሰደው ደም 450 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፥ ከከረጢቱ ጋራ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህ የባለ ካሜራዋን ድሮን አቅም ሦስት አራት ጊዜ ያጥፋል። ለአንዲት ብዙ ደም ለፈሰሳት እናት ደግሞ አንድ ከረጢት ብዙ ጊዜ አይበቃም። እንግዲህ ደም አይሆንም።

ሁለተኛ፥ ደም የሚያቆመውን ኦክሲቶሲንን ወይም ክትባትን እንውሰድ። አንዲት ብልቃጥ ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነች ለድሮኗ ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትከሻ ላይ የምናያት የክትባት ሣጥን ውስጥ የሚገቡት የበረዶ ጥቅሎች አንዱ ብቻ 300 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። መድኃኒቱ ቀላል፥ በረዶው ከባድ ነው። ጭነትን ስንመዝን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን በደኅና የሚያደርሰውን ሁሉ መመዘን እንዳለብን ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው የደረቀ የደም ናሙና ነው። ሕፃናት የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው ለማወቅ፥ ከተረከዛቸው የተወሰደ ጥቂት የደም ጠብታ በልዩ ወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ይህ ወረቀት ከነፖስታው ጥቂት ግራም ነው፤ በረዶም አይፈልግም። በክብደት ነገር ብቻ ከሆነ ድሮኗ ትችለዋለች። ነገር ግን ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ በመኪና መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባለ ካሜራዋ ድሮን ደግሞ ከመቆጣጠሪያዋ የምትርቀው፥ ምንም የሚጋርዳት በሌለበት ሜዳ እንኳ፥ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የወለጋ ኮረብታ በመካከል ሲገባ ከዚህም ያነሰ ይሆናል። ክብደቱ ቢፈታ ርቀቱ አሰረን።

ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩ ሌሎች ድሮኖች አሉ። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለ ኩባንያ ክንፍ ባላቸው ድሮኖች ደም ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ይልካል፤ በኋላም በጋና ይህንኑ ጀመረ። እነዚያ ድሮኖች 1.75 ኪሎ ጭነው፥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው በጃንጥላ ጥለው ይመለሳሉ። ምሥጢሩ ክንፉ ነው፤ ክንፍ ያለው በነፋስ ላይ ይንሳፈፋል፤ ባለ አራት ውልብልቢቷ ግን እያንዳንዷን ሰከንድ በጕልበቷ ትንጠለጠላለች። ዲጄአይ ራሱ ፍላይካርት 30 የሚባል ዕቃ ጫኝ ድሮን ሠርቷል፤ ክብደቱ ከሁለት ባትሪዎቹ ጋራ 65 ኪሎ፥ ጭነቱም 30 ኪሎ ነው። ይህም አንዲት አህያ ከምትጭነው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በኤቨረስት ተራራ፥ ከ5,300 ሜትር በላይ ሲሞከር የተጫነበት 15 ኪሎ ብቻ ነበር። ቀጭን አየር ከትልቁም ከትንሹም ቀረጡን ይወስዳል።

በደዴሳ ሸለቆ

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄደው መንገድ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። እዚያ አየሩ ወፈር ይላል፤ ሙቀቱ ግን ያሳሳዋል። የአካባቢው ገበሬ ጭንቀት የአየር ውፍረት አይደለም፤ ጸጸ የሚባለው የቆላ ዝንብ ነው። ይህ ዝንብ ገንዲ የተባለውን በሽታ ወደ ከብት ያስተላልፋል። በሬው ይከሳል፥ ይደክማል፥ በመጨረሻም ይሞታል። በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ ለም መሬት ላይ ቆሞ ይራባል።

በዚህ ነገር የሸክም ልክ አስደናቂ መልክ አለው። አንዱ ዝንብ ክብደቱ የአንድ ግራም አርባኛ ያህል ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆ፥ በቃሊቲ ተረብተው በጨረር መካን የተደረጉ ወንድ ዝንቦች በአይሮፕላን እየተለቀቁ፥ ሴቲቱ ከእነርሱ ጋራ ተገናኝታ እንዳትወልድ ተደርጓል። በ100 ግራም ውስጥ አራት ሺህ ያህል ዝንብ ይኖራል። እንግዲህ ለበሬ ከባድ የሆነው ጠላት በሚዛን ላይ ከሁለት ሎሚ ይቀላል። በእርግጥ ሣጥኑና ማቀዝቀዣው ይመዝናሉ፤ ሥራውም የተደራጀ መሥሪያ ቤትና ብዙ ዓመት ይጠይቃል። ቢሆንም «ትንሽ የምትሸከም ነገር ትንሽ ብቻ ትጠቅማለች» የሚለው አሳብ ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ይህ ምሳሌ ያስረዳል።

ስሙም ይከብዳል

ስለ ወለጋ ስንጽፍ በግራም የማይመዘን አንድ ክብደት መዝለል አይገባንም። ባለፉት ዓመታት በምሥራቅ፥ በምዕራብ፥ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ በተደረገው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙም ቤተ ሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። በአገራችን ጦርነቶች «ድሮን» የሚለው ቃል የሠርግ ካሜራ ስም ብቻ ሳይሆን የጦር መሣሪያም ስም ሆኖ ተሰምቷል። አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ለቀላል የመንገድ ጥናት ያችን ባለ ካሜራ መሣሪያ ሲያስነሣ፥ ከታች የሚሰማት እናት ድምፅዋን በምን ሐሳብ እንደምትሰማው ማወቅ አለበት። ልጆቿን ሰብስባ ወደ ቤት ብትሮጥ አይፍረድባት።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች ግዴታ ናቸው። አንደኛው ሕጉ ነው፤ በኢትዮጵያ ድሮን ማስገባትና ማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለተኛው በሕግ ባይጻፍም የሚጸና ነው፤ ከመብረሩ በፊት ለቀበሌው ሽማግሌዎችና ለነዋሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መንገር፥ መሣሪያዋን በእጃቸው አስይዞ ማሳየት፥ ምን እንደምታነሣና ሥዕሉ ወዴት እንደሚሄድ ማስረዳት ነው። 915 ግራም መሆንዋን በእጁ የመዘነ ሰው ፍርሃቱ ይቀልለታል።

እውነተኛው ጭነቷ

እንግዲህ ባለ ካሜራዋ ድሮን ምን ትሸከማለች? ዕቃ ከሆነ ሁለት ሎሚ። ነገር ግን እግዜር ለንብ ማር፥ ለአህያ ጀርባ እንደ ሰጠ፥ ሠሪዋም ለዚህች ዓይን ሰጥቷታል። እውነተኛው ጭነቷ ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ አይመዝንም።

የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጐርፍ ቦይ የበላውን ኮረብታ ከላይ አንሥቶ፥ በየዓመቱ ስንት ሜትር እንደሚሰፋ ሊለካ ይችላል። የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ሳምንት የሚፈጅበትን ሰፈር በአንድ ጧት ያነሣዋል። ክረምት የወሰደውን ድልድይ፥ ወንዙን ሳይሻገሩ፥ የትኛው እግሩ እንደ ተናደ ማየት ይቻላል። የቡና ገበሬዎች ማኅበር የትኛው የእርሻው ክፍል እንደ ገረጣ ያውቃል። የቁምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ጣራ ለመጠገን የሚያስብ ሰውም መሰላል ሳያቆም የተሰነጠቀውን ያገኘዋል። ለጤና ጣቢያው ወጣትም ጥቅም አላት፤ መድኃኒቱን ራስዋ ባታመጣም፥ አምቡላንሱ ወይም ሞተር ሳይክሉ በየትኛው መንገድ ቢመጣ ጭቃው እንደማይዘው አስቀድማ ልታሳይ ትችላለች። ያን ጊዜ መድኃኒቱን ተሸካሚው ይሸከማል፤ ድሮኗም መንገዱን ትመራለች።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ። ምሳሌው የተነገረው ስለ መተባበር ነው፤ ለመሣሪያም ይሠራል። ሃምሳውን ሎሚ በአንዲት ድሮን ላይ ብንጭን እርስዋም ትወድቃለች፥ ሎሚውም ይበተናል። አይሱዙው ኩንታሉን፥ አህያይቱ ግማሹን፥ ክንፍ ያለው ድሮን ደሙን፥ ባለ ካሜራዋ ሥዕሉን ቢይዙ ግን ሁሉም ይደርሳል። ነገ በመሥሪያ ቤቱ «አንድ ድሮን ተገዝቷል፤ ምን እናሠራት?» ተብሎ የሚጠየቅ ወጣት አንባቢ፥ ከመመለሱ በፊት ሚዛን ያውጣ፤ የዕቃውን፥ የበረዶውን፥ የርቀቱንና የከፍታውን ልክ በወረቀት ላይ ይደምር። ከዚያም ሄዶ የመንደሩን ሰዎች ያነጋግር።